«ትኩረት እንሰጣለን» ወይስ «እንመድባለን»? የእጩዎችን የአካል ጉዳተኞች አቋም ስለማወዳደር

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ። ታናሽ እህቴ የዊልቸር ተጠቃሚ ናት። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትመርጣለች። የቅሬያችን (የእድራችን) ሽማግሌዎች እጩዎችን እየጋበዙ ከሕዝቡ ጋር ያነጋግራሉ። እስካሁን ሦስት መጥተዋል። ስለ አካል ጉዳተኞች ስንጠይቃቸው ሦስቱም ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገሩ። የበተኑትን ወረቀትም ሰብስቤ አነበብኩ። ግን ልዩነታቸው አልታይ አለኝ። እህቴ ደግሞ ‹ሁሉም አንድ ናቸው፣ መምረጤ ምን ሊፈይድልኝ› ብላ ተስፋ ቆርጣለች። የእጩዎቹን አቋም በምን ላወዳድረው?»

እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ታናሽሽን አብሽሪ በይልኝ።

ልዩነታቸው ያልታየሽ አንቺ ሳይገባሽ ቀርቶ አይደለም። በዚህ ጉዳይ «እቃወማለሁ» የሚል እጩ የለም። በመሬት፣ በግብር፣ በቋንቋ ላይ ፓርቲዎች ፊት ለፊት ይጋጫሉ። አካል ጉዳተኛ ሲነሳ ግን የሁሉም አንደበት ይለሰልሳል። ስለዚህ ማን ይደግፋል፣ ማን ይቃወማል እያልሽ ከፈለግሽ ምንም አታገኚም። እኔ የሕግ ባለሙያ ነኝ። ከአካል ጉዳተኞች ማህበራት ጋር ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። የፓርቲ ወረቀት እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ነገር አንድ ነው። ግሱን ፈልጌ አሰምርበታለሁ።

«ትኩረት እንሰጣለን።» «እናበረታታለን።» «ግንዛቤ እንፈጥራለን።» «ከጎናቸው እንቆማለን።» እነዚህ ግሶች ተናጋሪያቸውን አያስይዙትም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሄደሽ «ትኩረት አልሰጣችሁም» ብትዪው «ኧረ ሰጥተናል» ይልሻል። በምን ትለኪዋለሽ? አሁን ደግሞ እነዚህን እዪ። «እንመድባለን።» «እንቀጥራለን።» «አዋጁን እናሻሽላለን።» «ፈቃድ እንከለክላለን።» እነዚህ ያስይዛሉ። ስንት ተመደበ? ስንት ሰው ተቀጠረ? ለየትኛው ሕንፃ ፈቃድ ተከለከለ? መልሱ ወይ አለ፣ ወይ የለም።

ሁለት ቀለም እስክሪብቶ ያዙና ሦስቱን ወረቀት ከእህትሽ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡ። የማያስይዘውን በአንዱ፣ የሚያስይዘውን በሌላው አስምሩ። አንዳንዴ አንድ ገጽ ሙሉ ተነቦ የሚያስይዝ ግስ አንድ ብቻ ይገኛል። እሱን እንደ ወርቅ ያዙት። እጩውን የምታፋጥጡት በሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መሸሸጊያ አለ። «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ነው። ይህ ቃል ከሰማይ አልወረደም፤ መነሻው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት ለማቋቋምና ለመርዳት የአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደ ደረጃ ይንከባከባል ይላል። አገራችን ድሃ ናት። ስለዚህ ቃሉ መኖሩን አልቃወምም። የምቃወመው ከቦታው ወጥቶ ለሁሉም ነገር መልስ ሲሆን ነው። ያ ንዑስ አንቀጽ የሚያወራው ስለ መርዳት ነው። እኩልነት የተደነገገው አንቀጽ 25 ላይ ነው፤ እዚያ «አቅም በፈቀደ» የሚል ነገር የለም። ኢትዮጵያ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትም ይህንኑ ይለያል። ገንዘብ የሚጠይቀው መብት ደረጃ በደረጃ ይሟላል፤ አድልዎ ግን ዛሬውኑ መቆም አለበት። ያ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ልንገርሽ። ለሆስፒታል አሳንሰር ማስገባት ገንዘብ ይጠይቃል። የአንድ ዓይነ ስውር መምህር የሥራ ማመልከቻ ሳይታይ እንዳይመለስ ማድረግ ግን ሳንቲም አያስወጣም። እና አንዱ እጩ «አቅም ሲፈቅድ» ካለሽ ቀስ ብለሽ ጠይቂው። «ብር የማይጠይቀውንስ መቼ ትጀምራለህ?» እጩዎች ከሚለያዩባቸው ጥያቄዎች እንደዚህ ጥርት አድርጎ የሚለያቸው አላየሁም። አንዱ ዝም ይላል። ሌላው አስቦበት እንደሆነ ወዲያው ይታወቅበታል።

ቀጥሎ የሚታየው ወንበሩ ነው። እጩው የሚወዳደረው ለየትኛው ምክር ቤት ነው? ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ማወዳደሩም እዚህ ላይ ይበላሻል። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚገባ ሰው የፌዴራል አዋጅ ያወጣል፣ የፌዴራል በጀት ያጸድቃል። ለክልል ምክር ቤት የሚገባው የክልሉን በጀት ያጸድቃል። የልዩ ፍላጎት መምህርም ሆነ የሆስፒታሉ ወጪ በብዛት የሚነካው ያንን ነው። የግንባታ ፈቃዱና የሰፈር መንገዱ ደግሞ ከከተማ አስተዳደሩ ጋር ይገናኛል። እንግዲህ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው መጥቶ «ፒያሳ ላይ ለዊልቸር የሚሆን መንገድ አሠራለሁ» ቢላችሁ የሱ ባልሆነ ኪስ ነው ቃል የገባው። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ሥራውን ግን አላወቀውም። እሱን መጠየቅ ያለባችሁ ሌላ ነው። ዊልቸር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ የብሬል ወረቀት ከውጭ ሲገባ በሚከፈለው ቀረጥና ታክስ ላይ ምን አቋም አለው? የአካል ጉዳተኞችን መብት በአንድ ላይ የሚይዝ ጠቅላላ ሕግ ያስፈልጋል ሲባል ዓመታት አልፈዋል፤ እሱስ በዚህ ሕግ ላይ ምን ይላል? ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደረው ደግሞ ስለ በጀት ይጠየቅ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። «በመጀመሪያው በጀት ዓመት ለአካል ጉዳተኞች አገልግሎት የቱን የበጀት ርዕስ አስይዛለሁ ትላለህ?» በሉት።

ሦስቱን እጩዎች ወንበራቸውን ሳታዪ ጎን ለጎን ካስቀመጥሽ ብዙ ቃል የገባው ያሸንፍሻል። ወንበሩን ካየሽ ግን ጥቂት ተናግሮ በእጁ ያለውን ቃል የገባው ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር። እጩውን «በእኛ አካባቢ ስንት አካል ጉዳተኛ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ፈተናው ቁጥሩን ማወቁ ላይ አይደለም። ቁጥሩን እንዴት እንደሚያስበው ነው የምትሰሙት። የ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በመላው ኢትዮጵያ ከ800 ሺህ የሚበልጡ አካል ጉዳተኞች አሉ አለ። ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በፈረንጆቹ 2011፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ባወጡት ዘገባ ላይ የኢትዮጵያው ግምት 17.6 በመቶ ነበር። ሰዉ በአንዴ አልጨመረም። የተለያየው አጠያየቁ ነው። «ቤትሽ አካል ጉዳተኛ አለ?» ስትባል እናት «የለም» ትላለች። ወይ አፍራ ነው፣ ወይ ልጇን በዚያ ስም መጥራት ከብዷት ነው። «ለማየት የሚቸገር አለ? ደረጃ ለመውጣት የሚቸገርስ?» ብትባል ግን ትቆጥራለች። እጩው በ1 በመቶው ካሰበ ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ነው፤ በዓመት አንዴ ስጦታ ይበቃል ብሎ ያስባል። በ17ቱ ካሰበ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዳለበት ገብቶታል። ዕቅዱ ከዚያ ይጀምራል።

አሁን ወደ እህትሽ ልምጣ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ቁልቁለትና ዳገቷን አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ተራራውን ማንም እጩ አይደለድለውም። ሕንፃው ግን የሰው ሥራ ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ላይ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለዊልቸር ተጠቃሚና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ ይኑረው ይላል። ስለ መጸዳጃ ቤቱም ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ስንት ፎቅ ተሠራ? ስንቱ ጋ እህትሽ በራሷ ገብታለች? ስለዚህ «ሕግ እናወጣለን» የሚል እጩ ሲመጣ «የወጣውስ?» በሉት። እኔ ከአዲስ ሕግ ይልቅ የድሮውን አስፈጽማለሁ የሚል እጩ ያስደስተኛል። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አንድ ዕቅድ ራምፕ (በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት) ስለሌለው ብሎ ቢመልስ፣ ሁለተኛው ባለ ሕንፃ ሳይነገረው ራምፕ ይሠራል።

የሚሠራው ራምፕም ይታይ። ቁልቁል የተደፋ፣ ዊልቸር ወደ ኋላ የሚገለብጥ ራምፕ በየቦታው አይቻለሁ። ያ ለምርቃት ቀን የተሠራ ነው።

እኔ ራሴ በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ በክራንች ነው የምሄደው። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ሥልጠና ስጥልን ብሎ ጠራኝ። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሳንሰር የለም። ሁለት ወጣቶች በወንበር ተሸክመው አወጡኝ። ሰዎቹ በደግነት ነው ያደረጉት፤ ግን ያን ቀን የተሰማኝን እስካሁን አልረሳውም። ሰው ፊት እንደ ዕቃ መነሳት ያማል። ይህን የነገርኩሽ ለምክንያት ነው። የእጩን አቋም ከወረቀቱ በፊት ከስብሰባው ቦታ ታነቢዋለሽ። ቅስቀሳውን የት ያደርጋል? እህትሽ ትገባለች? መስማት ለተሳናቸው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አቁሟል? ድምፅ ሲለምን ያላሰበው ሰው ወንበሩን ካገኘ በኋላ ያስባል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያሳስበኝን ላንሳ። የ2014ቱ ጦርነት ወሎን ምን እንዳደረጋት አንቺ እዚያው ሆነሽ አይተሻል። እግር፣ እጅ፣ ዓይን ያጡ ብዙ ናቸው። ወታደሩም ገበሬውም፣ ወድቆ የቀረ ፈንጂ ሲነካካ የፈነዳበት ሕፃንም አለ። ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አላት። ሰው ከወልድያም ከወረኢሉም ቀን ቆጥሮ ይመጣበታል። እጩዎች ይህን ጉዳይ ሲያነሱ ብዙውን ጊዜ «ሰው ሠራሽ እግር እናቀርባለን» ይላሉ። ጥሩ። ግን እግር አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ልጅ ያድጋል። በስድስት ወር፣ በዓመት እግሩ ያጥረዋል፣ ይጠበዋል። የአዋቂውም ቢሆን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልቃል። በመሃል ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ቆዳው ይቆስላል። መጥቶ የሚያሳየው ባለሙያ ይፈልጋል። እንግዲህ ጥያቄው «ስንት እግር ትሰጣላችሁ?» መሆን የለበትም። «የባለሙያው ደመወዝና የዕቃው መግዣ በመደበኛ በጀት ይያዛል ወይስ የውጭ ረጂ ይጠበቃል? ከቆቦ የሚመጣው ሰው ትራንስፖርቱንና ማደሪያውን በምን ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ረጂ የሄደ ቀን የሚቆም አገልግሎት መብት ሊባል አይችልም።

የዊልቸርም ነገር እንዲሁ ነው። እህትሽ ታውቀዋለች። ዊልቸር ሲታደል ካሜራ አለ። ጎማው ሲፈነዳ ማንም የለም። ኮብልስቶንና ኮረት ላይ የማይሄድ ዊልቸር ተሰጥቷቸው ግድግዳ ሥር ያቆሙት ስንት ሰዎች አውቃለሁ። ዊልቸር ለማደል ቃል የገባ እጩና ከተማ ውስጥ መጠገኛ ለማቋቋም ቃል የገባ እጩ ቢመጡ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ገጠር ዘመድ ካላችሁ ስለ ሴፍቲኔትም ጠይቁ። ከ1997 ጀምሮ ያለ፣ ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ የሚሰጥ የድጋፍ ፕሮግራም ነው። ሥራ መሥራት የሚችለው በሕዝብ ሥራ ይገባል፣ የማይችለው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋል። የሚያስጨንቀኝ አካል ጉዳተኛ የተባለ ሁሉ ሳይታይ «አይችልም» ተብሎ መመደቡ ነው። መስማት የተሳነው ጎልማሳ ከማንም እኩል እርከን ይሠራል። እጩው አካል ጉዳተኛን የሚያየው በተቀባይነት ብቻ ነው ወይስ ሠርቶ እንደሚበላ ሰው? በዚህ ጥያቄ ላይ ይገለጣል። በሥራ ቅጥር በኩል ሕጉ ደካማ አይደለም። በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አካል ጉዳተኛ በመሆኔ አድልዎ ተደረገብኝ ብሎ የከሰሰ ሰው የማስረዳት ሸክም እንዳይኖርበት አድርጓል። አላደላሁም ብሎ የሚያስረዳው ቀጣሪው ነው። ይህን የሚያውቅ ሥራ ፈላጊ ግን ጥቂት ነው። የሚያውቅ እጩም ጥቂት ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ክልላችን ትራኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ክፉኛ ከሚያጠቃቸው አካባቢዎች ግንባር ቀደም ነው። በአገር አቀፍ ደረጃም ለዓይነ ስውርነት ትልቁ ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የሚድን ማለት ነው። እጩ ተነስቶ «የዓይን ሕክምና አስፋፋለሁ» ሲል ያጨበጭቡለታል። እኔም አጨበጭባለሁ። ግን ያ የጤና ዕቅድ ነው። ብርሃኑ ላይመለስ ለሄደው ልጅ የብሬል መጽሐፍ፣ ነጭ በትር፣ የሠለጠነ መምህር ያስፈልገዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚናገር እጩ ሲገጥማችሁ «በሽታውን መከላከሉን ሰማን፤ አሁን ዓይነ ስውር ለሆነው ምን አለህ?» በሉት።

ስለ አእምሮ እድገት ውስንነትና ስለ ኦቲዝም ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ ያነሳ እጩ ካለ ልዩ ምልክት አድርጉበት። እነዚህ ልጆች ስብሰባ አይመጡም። እናቶቻቸውም አይመጡም፣ ልጁን የሚይዝላቸው የለምና።

ፓርቲው አካል ጉዳተኛ እጩ ማቅረቡ ይታይ? ይታይ፣ ግን ብቻውን አይብቃችሁ። ያ ሰው በፓርቲው ውስጥ ይወስናል ወይስ ለፎቶ ነው የቆመው? አካል ጉዳተኞች አይችሉም የሚል ካለ ከዚሁ ከወሎ መልስ አለን። የትነበርሽ ንጉሤ የደቡብ ወሎዋ የሳይንት ልጅ ናት። በአምስት ዓመቷ የማየት ብርሃኗን አጣች። ሕግ ተማረች። በፈረንጆቹ 2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የወሰደችው ለአካል ጉዳተኞች መብት በሠራችው ሥራ ነው። እህትሽ ስሟን ሰምታ ካላወቀች ንገሪያት።

ማወዳደሩን በተግባር እንዲህ አድርጉት። ከላይ ካነሳኋቸው ውስጥ አራት ወይም አምስት ጥያቄ ምረጡ፤ ከዚያ አይብዛ። ለሁሉም እጩ ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ቅደም ተከተል አቅርቡ። ለአንዱ ከባዱን ለሌላው ቀላሉን ከጠየቃችሁ ማወዳደር ቀርቶ ማዳላት ይሆናል። ቅሬያችሁ ጸሐፊና መዝገብ አለው አይደል? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። እጩው ፈቃደኛ ከሆነ ይፈርምበት። የመጡትን ሦስቱን ደግማችሁ ጥሯቸው። ካልመጡ ጥያቄውን በጽሑፍ ላኩላቸው፤ አለመመለሳቸውም ይጻፍ። ወንበሩ ላይ ቆይቶ ዳግም የሚወዳደር ካለ ከቃል ይልቅ የሠራውን አስቆጥሩት። አዲሱን ደግሞ ዕቅዱን። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለአዲሱም ለነባሩም ፍርደ ገምድልነት ነው።

አካል ጉዳተኝነት ብቻውን ድምፅ አያስወስንም። እህትሽ ስለ ሰላም፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሥራም የራሷ ሐሳብ አላት። በዚህኛው ጉዳይ አንደኛ የወጣውን እጩ በሌላው ምክንያት ባትመርጠው መብቷ ነው። አንቺም አትጫኛት።

ለድምፅ መስጫው ቀን፣ ጣቢያው የት እንደሆነ ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ እዩ። ደረጃ ካለው ወይም ምልክት የሚደረግበት ጠረጴዛ ለእሷ ከፍ ካለ ለአስፈጻሚዎቹ ያኔውኑ ንገሯቸው። በጠዋቱ ግርግር ውስጥ ጠረጴዛ ፍለጋ አይሆንም። ቅድም ያልኩሽ ዓለም አቀፍ ስምምነት አንቀጽ 29 ድምፅዋ ምስጢር እንዲሆን፣ እርዳታ ከፈለገችም ራሷ የመረጠችው ሰው እንዲያግዛት ይላል። ማንም ከሜዳ ተነስቶ «እኔ ላድርግልሽ» ብሎ ወረቀቷን አይነካም። በራሷ እጅ ከቻለች ደግሞ አንቺም ከመጋረጃው ውጪ ቆመሽ ጠብቂያት።

በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያውን ጥያቄ እሷ ትጠይቅ። ለዚያም ከወዲሁ የቅሬውን ዳኛ አነጋግሪ። የምትሰበሰቡበት ቤት ደረጃ ካለው ስብሰባው ወደ ሜዳው ይውረድ። እንግዳውም እዚያው ሜዳ ላይ ወንበር ይሰጠው።